የወይዘሮ ኦራሊያ አራተኛ ዘመቻ የት ገባ?

ለተከበሩ አቶ ዌንዴል ፍሪስ
የስኳር ፋብሪካችን የጡረታ ዕቅድ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሄግላንድ፣ ሰሜን ዳኮታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎን እንደሚያምዎት ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ዓመትን የሚያህል ነገር ከቦታው አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀመጠ ሰው ወገቡን ቢያመው አይፈረድበትም።

እኔ ላቮን ብራተን ከፋብሪካው ጡረታ የወጣሁ፣ ጡረታዬም ሳይጓደል የሚደርሰኝ ሰው ስለሆንኩ የምጽፈው ስለ ራሴ አይደለም። የምጽፈው በመቁረጫው ማሽን ላይ አጠገቤ ቆማ ስለሠራችው ስለ ወይዘሮ ኦራሊያ ሬንዶን ነው። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ዓመት የሚቆጠረው በዘመቻ ነው፤ ሴፕቴምበር ላይ የስኳር ቀይ ሥሩ ከማሳ ሲነሳ ይጀምራል፣ ኤፕሪል ላይ ክምሩ ተከትፎ ሲያልቅ ያበቃል። ኦራሊያ አምስት ዘመቻ አላት። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው ጡረታው እንደማይነካ ደግሞ ኮሚቴዎ ራሱ በእረፍት ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጥፎልናል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የዕቅዱን ዓመት ከሴፕቴምበር ወደ ጃንዋሪ ስላዛወሩልን። በመካከሉ የአራት ወር ቁራጭ ዓመት ተረፈ፤ እንደ ዓመት ለመቆጠር ግን ልክ እንደ ሙሉው ዓመት ሺህ የሥራ ሰዓት ተጠየቀበት። አራተኛ ዘመቻዋ ላይ የነበረችው ኦራሊያ በአራት ወር ያን ያህል ከየት ታምጣ? የዘመቻው ሁለተኛ አጋማሽ ከአምስተኛው መጀመሪያ ጋር ተዳብሎ አንድ ዓመት ተባለ፤ የአምስተኛውም መጨረሻ ብቻውን ቀርቶ ሳይሞላ ቀረ። አምስት ዘመቻ ገብቶ አራት ዓመት ወጣ። እኛ ሥሩን ስንከትፍ ቢያንስ ስኳሩ አይጠፋም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ኬኩ። ኤፕሪል ላይ ቢሮዎ በራሳችን ስኳር ኬክ አስጋግሮ፣ ዘመቻ ለጨረሰ ሁሉ እንደሚደረገው በጃኬቷ ላይ አምስተኛዋን ኮከብ አሰፍቶ ሸኛት። የሠራተኛ ጉዳይ ጸሐፊዋ “በቃ እማማ ኦራሊያ፣ አምስቱ ሞልቶልዎታል፤ ቴክሳስ ገብተው ፀሐይ ይሙቁ!” ስትላት ሁላችንም አጨበጨብን። ኦራሊያም የተከራየችውን ቤት ለቅቃ፣ ምድጃዋን እኔ ጋ አስቀምጣ ወደ አገሯ ገባች። አራት ብቻ አለሽ የሚለው ደብዳቤዎ የደረሳት ጁላይ ላይ ነው፤ ሻንጣዋን እስክትፈታ ስለታገሱ እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ በቤተ መጻሕፍታችን በነፃ የሚያማክሩ ጠበቃ እንዳስረዱን፣ የዕቅድ ዓመት ሲቀየር ቁራጩ ለብቻው አይመዘንም፤ ከሴፕቴምበር የሚነሳው ሙሉ ዓመትም ከጃንዋሪ የሚነሳውም፣ ቢደራረቡ እንኳ፣ ሁለቱም ይቆጠራሉ። ሕጉ ይህን ያለው ሠራተኛ በቀን መቁጠሪያ ምክንያት እንዳይጎዳ ነው። ይህንኑ ጽፈን ብንልክ “ጉዳዩ እየታየ ነው” የሚል መልስ ሰጡን። ማየት እንደማይሰለችዎ ተረድተናል።

ባለፈው ሳምንት ኦራሊያ ደወለችልኝ። “ላቮንዬ፣ ምድጃዬን ለሰው እንዳትሰጪብኝ፣ ተመልሼ ልመጣ ነው። በስድሳ ስምንት ዓመቴ እዚያ እርጥብ ወለል ላይ ልቆም! ምን ላድርግ እህቴ፣ አንዱን ዘመቻዬን ውጠውብኛል” አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ንዴቱ መጣና ይህን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ዛሬ መቁረጫው ጋ ናት። የሠራችውን ዓመት ደግማ እየሠራች ነው።

ወራት ለሚታዘዙልዎ ለክቡርነትዎ ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣

ላቮን ብራተን
ባለ ዘጠኝ ዘመቻ፣ ኮሚቴዎ እስኪደርስባቸው ድረስ

ሳልረሳው፦ በዚያች አትቆጠርም በተባለችው ቁራጭ ዓመት፣ ኖቬምበር ላይ፣ ማሽኑ የኦራሊያን የግራ እጅ ትንሽ ጣት ወስዷል። ያ ጊዜ አልነበረም ካሉ እሺ፣ እንስማማ፤ ጣቷን ግን ይመልሱላት።