የማክስ ከረጢት ሲያልቅ

ጥር 28፣ ዓርብ። ጠ. 3 ሰዓት

ሁለቱንም መዘንሁ። በአቶ ፈንታ የእህል ሚዛን፣ በጆንያ አንጠልጥዬ። ማክስ 31 ኪ.፤ የእኔው ውሻ ነብሮ 22። ማክስ እንደ ጨዋ ተንጠለጠለ። ነብሮ ጆንያውን ቀደደው።

ደብተር፣ ነገሩን በሥርዓቱ ላስፍርልህ። በዚህ ከተማ ሳያቋርጠኝ የሚሰማኝ አንተ ብቻ ነህ። አቶ ፈንታ የደባርቅ እህል ነጋዴ ነው፤ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ። ዋልያ ሊቆጥር የመጣ ፈረንጅ ቤቱን ተከራይቶት ነበር። ጊዜው አላማረውም፤ ወዳገሩ ሄደ። ውሻውን ማክስንና ሁለት ከረጢት የውሻ ምግብ ለአቶ ፈንታ ተወለት። ቃልም አስገባው፦ ውሻው ከቡችላነቱ ጀምሮ ከዚህ ሌላ አልቀመሰም፤ ምግቡ አልቆ ሌላ እምቢ ካለ በረኃብ እንዳይሠቃይ፣ በአንድ ጥይት ይገላገል። አንዱ ከረጢት አልቋል። አቶ ፈንታ ጠመንጃውን ወልውሎ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ክፉ ሆኖ አይደለም። አደራ ነው ይላል፤ ሲናገርም ዓይኑ ይቀላል።

እኔን የሚያነደኝ ምክንያቱ ነው። የፈረንጅ ውሻ ሆዱ ሌላ ነው ይላል! የእንስሳት አመጋገብ ኮሌጅ ገብቼ የተማርሁ ነኝ፤ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለኝ ለዚሁ ነው። ጨጓራ ጨጓራ ነው አልሁት። «ዶክተር፣ አንተ የላሙን ታውቅ ይሆናል» አለኝ። ዶክተር አይደለሁም። መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ግን አንድ ነገር ገባብኝ። ከረጢቱ ከአንድ ሙክት በላይ ያወጣል አሉ። ውድ ስለሆነ ይሻላል? ወይስ ውድ ስለሆነ የሚሻል ይመስላል? አላውቅም። አለማወቄ ያሳክከኛል።

ስለዚህ፦ ማክስ የኛን ይብላ፤ የገብስ ቂጣ፣ ከሥጋ ቤት ጅማትና አጥንት። እርሱ የተወውን የከረጢት ምግብ ነብሮ ይብላው። ከረጢቱ ያለ ጊዜው አያልቅም። አቶ ፈ. ብዙ ተከራክሮ ተስማማ።

የካቲት 2፣ ማክሰኞ

ማክስ አይበላም። ቂጣውን ያሸትታል፤ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን ያያል። እንደ ኦዲተር። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ውኃ ብቻ።

ነብሮ የፈረንጁን ምግብ ሳያኝክ ዋጠ፤ ሳህኑን ልሶ ልሶ ገለበጠ፤ ከሥሩ ሌላ እንዳለ ፈለገ።

አቶ ፈ. በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፦ «ይኸው! አላልሁህም? ሆዱ ሌላ ነው።» ሳህን ወረወርሁ። አጥሩን መታ።

የካቲት 5፣ ዓርብ። ከሰዓት

ስሕተቱ የእኔ። ላም ከደረቅ ድርቆሽ ወደ ለምለም ሣር በአንድ ቀን አይዞርም፣ በጥቂት በጥቂቱ አለማምዱ እያልሁ ገበሬ የማስተምር እኔ! ውሻውን ግን በአንድ ጀንበር አዞርሁት። ይህን ያደረገ ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ እጥለው ነበር።

ዛሬ ከራሱ ምግብ ሳህን ሙሉ፤ ላዩ ላይ በአጥንት መረቅ የራሰ ቂጣ አንድ ጭብጥ። በላ። ቂጣውን ለይቶ ሊተወው ሞከረ፣ መረቁ ግን አሸነፈው። ነገ ሁለት ጭብጥ።

ባለቤቴ አስካለ ስትስቅ ሰማኋት። ለራሴ ልጆች እንዲህ ተለማምጬ አላውቅም አለች። እውነቷን ነው።

የካቲት 12፣ ዓርብ

ግማሽ በግማሽ ደርሰናል። ማክስ 30 ኪ.። ሕያው፣ ንቁ፣ ለቂጣ ጭራ የሚቆላ።

አሁን የማይጥመኝን ልጻፍ፤ ካልጻፍሁት ይህ ሁሉ ድካም ጨዋታ ነው። ነብሮ አምሯል። ጠጉሩ ያበራል። አስካለ ቅቤ ቀባኸው ወይ ብላ ጠየቀች፤ በቁም ነገር ነው የጠየቀችው። ሰገራውም ጥቂት፣ ጠንካራ፣ ከሩቅ የማይሸት። የማክስ በአንጻሩ ብዙና ልል ሆኗል። ይህ ማለት የፈረንጁ ምግብ ብዙው በሰውነት ይቀራል፤ የኛው ብዙው ያልፋል።

በእንጨት እየገለበጥሁ ሳይ አቶ ፈ. መጣ። አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኖ፦ «ወይ ዶክተር! ለዚህ ነው አባትህ በሬ ሸጦ ያስተማረህ?»

አባቴ በሬ አልሸጠም። የተማርሁት በመንግሥት ነው። ይህንንም ነገርሁት።

የካቲት 21፣ እሑድ

ቅበላ። ከተማው በሙሉ ሥጋ ይበላል። ውሾቹ ሁሉ አጥንት በአፋቸው ይዘው ወዲያ ወዲህ፤ የሚጣላ እንኳ የለም፣ ለሁሉም ተርፏል።

ለሳምንቱ ጅማት ላዝዝ ሥጋ ቤት ሄድሁ። ባለ ሥጋ ቤቱ ቢላውን በጨርቅ እየጠቀለለ ነው። አተኩሮ አየኝ። «ጋሼ፣ ነገ ምንድን ነው?» አለኝ። ሰኞ አልሁት። «ሰኞስ ሰኞ ነው» አለና ሰዎቹን እያየ ሳቀ።

ሁዳዴ! እስከ ፋሲካ ቢላ ከሰገባው አይወጣም። ጎንደር ክፍለ ሀገር ውስጥ ተቀምጬ፣ በሒሳቤ ውስጥ ሁዳዴን ረሳሁ። ፕሮቲን አሰላሁ፣ ስብ አሰላሁ፣ በኮሌጅ አመድ የምንለውን ማዕድን እንኳ አሰላሁ። ጾም አላሰላሁም። እኔ የምጾመው ለቤት ሰላም ስለሆነ ይሆናል።

የካቲት 27፣ ቅዳሜ

ማክስ ቂጣ ብቻ። የአጥንት መረቅ የለም። ከራሱ ምግብ ሩብ ያህል እጨምርለታለሁ፤ ከዚያ በላይ ከሰጠሁት ምኑን አወቅሁት? 28 ኪ.። የጎን አጥንቱ መቆጠር ጀመረ። ከጧት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ይተኛል።

አቶ ፈ. ዛሬ አልቀለደም። ከረጢቱን ከፍ ዝቅ አድርጎ መዘነው በእጁ። ማክስ ሲሠቃይ ከማይ ከረጢቱ ሳያልቅ በጥይት ብገላግለው አይሻልም ወይ አለኝ። ጊዜ ስጠኝ አልሁት። እስኪያልቅ፤ ከዚያ አንድ ቀን አልጨምርም አለ።

ጭካኔዬ ነው ወይስ ትክክለኛነቴ? ዛሬ መለየት አቃተኝ። ባቄላ ቀቅዬ ሞከርሁ። ነፋው።

መጋቢት 2፣ ሐሙስ

የከረጢቱን ምግብ ቀመስሁት።

ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ምን እንዳለበት ሳላውቅ በምን ልተካው? ከረጢቱ ላይ የተጻፈው የሰው ማታለያ ነው፤ ሥጋና የእንስሳት ውጤቶች፣ እህል፣ ማዕድን፣ አበቃ። የሽምብራ ቆሎ የሚያህል ቡናማ ድብልብል ነው። በጥርሴ ሰበርሁት። መጀመሪያ ጨው። ቀጥሎ የአጥንት ዱቄት፤ ኖራ ኖራ ይላል። ስብ፣ የቆየ። ከሁሉም ሥር ግን የማውቀው ጣዕም፦ በቆሎ! ሌላ ጨመርሁ። አዎ፣ በቆሎ። ከሙክት የሚወደደው ከረጢት ግማሹ በቆሎ ነው። ደስ አለኝ፤ አንድ እፍኝ ጨረስሁ።

አስካለ በር ላይ ቆማለች። ምን እያኘክህ ነው አለች። መዋሸት አልችልበትም።

«በሁዳዴ?» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሲገድፍ በዶሮ ይገድፋል። በውሻ ምግብ?»

ይባስ ብሎ ምግቡን የዘፈዘፍሁበትን ዕቃ አየች። የጾም ድስቷ ኖሯል። ድስት ሁሉ ለእኔ አንድ ነው። ይህን ጮክ ብዬ ተናገርሁ። መናገር አልነበረብኝም። ድስቱ አሁን ደጅ ነው፤ እኔም ልወጣ ትንሽ ቀርቶኛል።

መጋቢት 3፣ ዓርብ

የነፍስ አባታችን አባ ኪዳኔ መጡ። አስካለ ልካባቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ተነሥቼ ወንበሬን ሰጠኋቸው።

«ልጄ፣ ሥጋ ነው የበላኸው?»

በከፊል ነው፣ አባቴ፣ አልሁ።

«የምን ሥጋ?»

ከረጢቱ አይልም።

«የበግ?» አላውቅም። «የከብት?» አላውቅም። «የፈረስስ እንደሆነ?» ራሴን አከክሁ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፦ «የሌላ ውሻስ እንደሆነ?»

አስካለ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ስትስቅ ይሁን ልታስመልስ አላወቅሁም።

ስግደት አዘዙኝ። ጉልበቴን ያመኛል አልኋቸው፤ መቼ መቼ እንደሚያመኝ ሳይቀር ዘረዘርሁ። የዳዊት ንባብ አደረጉልኝ። ሲወጡ ማክስን አይተው አዘኑለት፤ ምስኪን፣ እርሱስ ምን አጠፋ አሉ።

ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም። የምን ሥጋ? ቀኑን ሙሉ። በኮሌጅ የነበሩን መምህራን ይህን አልጠየቁንም፤ ስንት በመቶ ብቻ ነበር የምንባለው። እኔም ስንት በመቶ እንጂ የምን ብዬ አላውቅም።

መጋቢት 6፣ ሰኞ። ዳባት

ለከብት ክትባት መጥቻለሁ። ደብተር፣ አግኝቸዋለሁ መሰለኝ! እጄ ይቸኩላል፣ ታገሠኝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ በየግቢው ያሉ ውሾች ወፍረዋል። በሁዳዴ! አጥንት በሌለበት! መጀመሪያ የሞተ ከብት አግኝተው ይሆናል አልሁ። ጠየቅሁ፤ የለም። የጠጉራቸው ማብራት የነብሮን ያህል ነው። ሥራዬን ለረዳቴ ትቼ በአጥር ሥር ቆምሁ።

አንዲት ሴት፣ ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ቅል ይዛ ወጣች። ለውሻዋ ገለበጠችለት። ነጭ፣ ወፍራም። ምንድን ነው አልኋት።

«አሬራ ነዋ። አይተህ አታውቅም?»

ለውሻ?

«ታዲያ ማን ይጠጣው? እኛ እንጾም፤ እርሱ እንደሁ አይቆርብ!»

እንዴት አላየሁትም! ላሚቱ ሁዳዴን አታውቅም፤ ትታለባለች። ወተቱ ይናጣል፤ ቅቤው ለፋሲካ ይቀመጣል። አሬራው ግን ሌላ ጊዜ አይብ የሚሆነው ነው፤ ለውሻ የሚደርሰው አጓቱ ብቻ፣ ውኃው። አሁን አይብ የሚበላ የለም። ስለዚህ ሙሉው አሬራ፣ ከነፕሮቲኑ፣ ለጥጃና ለውሻ። ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ ይህ ይከፈታል፤ ፋሲካ ሲሆን ሥጋ ቤቱ ይከፈትና ይህ ይዘጋል። የአገሩ ውሻ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ማዕድ አለው።

ትሸጥልኝ እንደሆን ጠየቅኋት። ለማን ነው አለች። ለውሻ አልሁ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ደባርቅ የውሻ ምግብ የበላው ሰውዬ አንተ ነህ ወይ አለች። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ዳባት ገብቷል።

መጋቢት 12፣ እሑድ

ደባርቅ። ከጃናሞራ ቅቤ የሚያመጡ ሰዎች አሬራውንም በቅል አምጥተው ለጎረቤቶቻችን ይተዋሉ፤ ለምኜ እወስዳለሁ። መለመን የማልችልበት ሰው ነበርሁ።

ማክስ ቂጣ በአሬራ። ከከረጢቱ ምንም። ከእርሱ አንዲት ፍሬ እንኳ የለበትም አሁን። 29 ኪ. ተኩል። ሰገራው ጠነከረ። ዛሬ በግቢው ያለፈች ጅግራ አሳደደ፣ አልያዛትም። ጠጉሩ ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ደብዝዟል። በጣቴ ከነብሮ ጋር አነጻጽሬ ዳሰስሁ። የነብሮ ሐር ነው። ይህንንም እጽፋለሁ፣ ቢያስጠላኝም።

መጋቢት 16፣ ሐሙስ። ከሰዓት

ከረጢቱ አለቀ። የመጨረሻውን ነብሮ በላው።

አቶ ፈ. ጠመንጃውን ይዞ መጣ። አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ። ማክስን ዞሮ ዞሮ አየ፤ ጎኑን ዳሰሰ፤ ሲበላ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ እኔን፦

«አያ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አታወሳስብብኝ። የትኛው ይሻላል?»

አሬራው በለው አለ ልቤ። አንድ ቃል ነው። ማን ያውቃል? ማን ይመዝናል? አቶ ፈ. ደግሞ እንድለው ፈልጓል፤ ከፊቱ ያስታውቃል። ግን አልሆነልኝም። የፈረንጁ ይሻላል አልሁ። ጥቂት ይሻላል፤ በጠጉርና በሰገራ፤ በጤና አላየሁም፤ የዋጋውን ያህል ግን በፍጹም። ይህን ሁሉ ተናገርሁ። እርሱ የሰማው የመጀመሪያውን ነው።

ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ አንዱ አዛወረ። እንግዲያስ ከለመደው በታች ሊኖር ነው፤ አደራዬ ይህ አይደለም አለ።

አደራው በረኃብ እንዳይሠቃይ ነው፣ ጠጉሩ እንዳይደበዝዝ አይደለም አልሁት። ጮኽሁ። «እኔስ? ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ከለመድሁት በታች ስበላ ስንት ዓመቴ ነው! ጠጉሬን እየው! ተኩስብኛ!»

ጠጉሬን አየው። በእውነት አየው፤ አናቴ ላይ ምን እንደ ቀረ። ከዚያ ሳቅ ያዘው። ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ሳቀ፤ ዓይኑን ጠራረገ። ሳቅ ብቻ አልነበረም።

ጠመንጃውን አንሥቶ ሄደ። ማክስ ተከተለው።

መጋቢት 17፣ ዓርብ። ጠ. 2 ሰዓት

ተኩስ ስጠብቅ አደርሁ። የለም።

አሁን አቶ ፈ. በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ማክስ በገመድ። እኔ ባየሁት ቁጥር ያ ፈረንጅ ይታየኛል፣ አንተ ያዘው አለ። አደራው ከነገመዱ ወደ አንተ ዞሯል አለኝ። ለአስካለ ሳልነግር ተቀበልሁ። ኋላ ነገርኋት። ድስት ግዛ አለች፤ የውሻ ብቻ የሆነ፣ አንተም የማትበላበት።

ተወስኗል እንግዲህ። ማክስ እዚህ ይኖራል፤ ቂጣና አሬራ፣ ከፋሲካ ወዲያ ቂጣና አጥንት።

ጠ. 4 ሰዓት

ቁርስ ሰጠኋቸው። ማክስ ጨረሰ። ነብሮ ቂጣውን አሸተተ፤ ቀና ብሎ አየኝ። ተወው።

ነብሮ! በቂጣ ያደገ ነብሮ! እርሱን ማን አለማመደው? ለማክስ ጭብጥ በጭብጥ ስቆጥር፣ ነብሮን ትናንት በፈረንጅ ምግብ አሳድሬ ዛሬ በባዶ ቂጣ። ያንኑ ስሕተት ደግሜ። ስለ እርሱ ማንም አልሠጋማ።

አሬራ ጨመርሁበት። አሬራውን ልሶ ቂጣውን ተወው። ባዶው ከረጢት ጎን ሄዶ ተኝቷል።

ከረጢቱን ገልብጬ ላራግፈው ነው፤ ከሥሩ ብናኝ አይጠፋም። በቂጣው ላይ ነስንሼ፣ ነገ ደግሞ ትንሽ ቀንሼ፣ ከነገ ወዲያ ከዚያም ቀንሼ፣ እርሱንም አለማምደዋለሁ።