የሩሚያ ጠባሳ በየትኛው በኩል ነበር

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለፋጤ፣ ጅቡቲ። አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ደም ግፊቱ ወረደልሽ ወይ? የጅቡቲ ሙቀት ዘንድሮስ ራራልሽ? ጆሮሽ እየባሰበት መምጣቱን ልጅሽ መስዑድ ነግሮኝ አዘንኩ። ባለፈው ስንደዋወል እኔ እጮኻለሁ፣ አንቺ «እህ? እህ?» ትያለሽ፤ ጉዳያችንን ሁሉ መንደሩ ሰማው፣ ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት መጣሁ። የልጅ ልጅሽ አፏን ጆሮሽ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። ዓይኔ ነው የሚያስቸግረኝ፤ የቀረውን አላማርርም። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ መጥቶ ቸኩሎ ሄደ። በቦኬ በኩል ማሽላው ደህና ነው ይላሉ፣ በመሰላ በኩል ያለውን ግን ወፍ ጨረሰው። ልጄ ሳብሪና ሂርና ላይ የጀመረችውን የልብስ ንግድ ትታ እኔን ለመጠበቅ ተመልሳለች። ጠባቂ አልፈልግም ብያታለሁ፤ አልሰማችኝም።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህር ደጀን ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ጥሩ ሰው ነው፤ ቃል ማሳመር ግን ይወዳል። እንደተናገርኩት ጻፈው፣ ምንም እንዳታጸዳብኝ ብዬ አስምዬዋለሁ። ለምን እንዳስማልኩት ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል። ሲጨርስ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ ለመስዑድ ይልከዋል። ፎቶ እንደገና ልመን? ምን አማራጭ አለኝ።

ነገሩ ስለ ሩሚያ ፎቶ ነው። ሚስቴ ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። በዚህ ዓለም ላይ የነበራት ፎቶ አንድ ነው፤ በተጋባን በዓመቱ አብዱናስር፣ አላህ ይዘንለት፣ በፎቶ ቤቱ ያነሳት። አንቺም ታውቂዋለሽ። እጇን ወንበር ላይ አድርጋ የቆመችበት፣ «ሳቂ» ሲላት «የሚያስቅ ነገር የት አለ?» ብላ የተቆጣችበት። የቀበሌ መታወቂያዋ ቤቱ ያፈሰሰ ጊዜ ሳጥን ውስጥ በስብሶ ፊቷ የለበትም። ያ ፎቶ ብቻ ነበር።

አምና በጥር ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ ጭሮ መጡ። የአብዱናስር ልጅ በድሪ የአባቱን ፎቶ ቤት እንደያዘ ነው፤ ሥራው ግን ሞቷል። ሰው ሁሉ በስልኩ ራሱን እያነሳ፣ ወደ በድሪ የሚመጣው መታወቂያ የሚያወጣ ብቻ ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ሲመጡ ዘመድ የመጣለት መሰለው። «አባባ በክሪ፣ እኛና እነሱ የአንድ እናት ልጆች ነን፤ እኛ ጊዜን እናቆማለን፣ እነሱ ያስኬዱታል» አለኝ። የአንድ እናት ልጅ ከሆንክ ስለምን ነጭ ሰሌዳ አሸክመው ፀሐይ ላይ ገተሩህ አልኩት። ብርሃን መመለሻ ነው አለኝ። ሦስት ቀን ተሸክሞ ዋለ። ስሙን እንኳ አልያዙለትም፤ «አንተ ፎቶ፣ ትንሽ ጠጋ በል» ነበር የሚሉት። የበቅሎ ነጂ ለመኪና ሹፌር ወንድሜ ነህ ሲለው ብታዪ እንደዚያ ነው። እሱ ግን ደስ ብሎት ነበር፣ ልቡን አልሰበርኩትም።

አንድ ቀን ጸጉሩን ካስጎነጎነ ልጅ ጋር ቤቴ መጣ። ሮቤል ይባላል፣ የፊልሙን ዕቃ የሚይዝ እሱ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የድሮ ሴት ፎቶ ፈልገዋል። ሩሚያን ሲያያት «ፋዘር፣ የምንፈልጋት እናት ይቺ ናት» አለ። የአንተ እናት አይደለችም፣ የሳብሪና እናት ናት አልኩት። ሳቀ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አልዋሽሽም፣ ኩራት ያዘኝ። ከቦኬ ወጥታ ከሂርና ወዲያ ያላለፈች ሴት አገር ሊያያት ነው ብዬ ደረቴ ተነፋ። ወረቀት አመጡ። በድሪ ላንብብልዎ ቢለኝ፣ በእንግዳ ፊት ማይም መባሉን ጠልቼ አያስፈልግም አልኩና አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። በኋላ ደጀን ቢያነብልኝ «አንብቤና ተረድቼ ተስማምቻለሁ» ይላል። ሀ ሁን የማያውቅ ሰው አንብቤ ብሎ ፈረመ።

በፊልሙ ታሪክ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ተናድዶ የእናቱን ፎቶ ያቃጥላል። በድሪ አልደበቀኝም፤ «የሚቃጠለው እኔ የማወጣው ኮፒ ነው፣ ዋናው ይመለስልዎታል» አለኝ። ሊወጣ በር ላይ ቆሞ ደግሞ «ኮፒውን ሳወጣው ላጽዳት እንዴ?» አለኝ። መስታወቱ አቧራና የዝንብ ኩስ ይዞ ነበር። አጽዳት እንጂ፣ ይህ ይጠየቃል ወይ ብዬ ጭራሽ ተቆጣሁት።

ለካ ፎቶ አንሺዎች ማጽዳት የሚሉት ሌላ ነው። በኮምፒውተር ከሰው ፊት ላይ ማድያቱን፣ ብጉሩን፣ ጠባሳውን ማጥፋት ነው። እሱ በሱ ቋንቋ ጠየቀኝ፣ እኔ በኔ መለስኩለት። ሁለታችንም አማርኛ ነበር የምናወራው። ለሚቃጠል ወረቀት ያን ያህል ምን አደከመህ ብዬ ብጠይቀው፣ ፊልም ሠሪዎቹ የእጄን ሥራ እንዲያዩልኝ ነው አለ። የሩሚያን ቅንድብ ለሁለት የከፈለውን ጠባሳ አጠፋ፣ ቆዳዋን እንደ ሕፃን አለሰለሰ፣ የወረቀቱን ስንጥቅ ደፈነ። ዋናውንና ኮፒውን፣ ሁለቱንም ለሮቤል ሰጠው።

ከአሥር ቀን በኋላ ሮቤል ፎቶዋን በወርቅ ቀለም ፍሬም አድርጎ መለሰልኝ፤ አመሰገነኝ፣ ጉልበቴንም ሳመ። ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኳት።

በዚህ መስከረም ፊልሙ አልቆ ከተማችን አዳራሽ ውስጥ አሳዩት። ነጭ ጥምጣሜን አስሬ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ በድሪ ጎኔ ነበር። ስሙ መጨረሻ ላይ ይወጣል ብሎ አዲስ ሸሚዝ ገዝቷል። ጎረምሳው ፎቶውን ከግድግዳ አውርዶ ከፍሬሙ አወጣና እሳት ላይ ጣለው። ከኋላችን ሴቶች ያለቅሳሉ። እኔ እስቃለሁ፤ ኮፒ ነው፣ ሚስቴ ቤቷ ናት ብዬ። ወረቀቱ በእሳቱ ተጠቅልሎ ጀርባውን ሲያሳይ በድሪ ተነስቶ ወጣ። ሆዱን አመመው ብዬ ወደ ፊልሙ ተመለስኩ። ስሙም ሳይወጣ ፊልሙ አለቀ፤ «የጭሮን ሕዝብ እናመሰግናለን» ይላል ብለው አነበቡልኝ።

በማግስቱ በጠዋት መጥቶ ደጄ ላይ ቁጭ አለ። ግባ ብለው አልገባ አለ። «አባባ፣ ጀርባው ላይ የአባቴን ማኅተም አየሁ» አለኝ። አብዱናስር በሚያወጣው ፎቶ ሁሉ ጀርባ ሐምራዊ ማኅተም ይመታ ነበር። በኮፒው ጀርባ ማኅተም የለም። አዳራሹ ሙሉ ሰው እሳት ሲያይ፣ የፎቶ አንሺ ልጅ የአባቱን ማኅተም አየ። የተቃጠለችው ሩሚያ ናት። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለችው የጸዳችው ናት።

ሮቤል ጋ ደወልን። ልጁ አልዋሸም። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲያያቸው፣ አሮጌው የተሰነጠቀው ለእሳት የመጣ መስሎት፣ ንጹሑን ለፋዘር ብሎ በክብር አስቀመጠው። ይቅርታ ጠየቀ፤ ከዚያ «ግን ፋዘር፣ የተመለሰችው አታምርም እንዴ?» አለኝ። ታምራለች፣ ሚስቴ ግን አይደለችም አልኩት። ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ፈልጌ መዝጊያውን ስለማላውቀው ለበድሪ መለስኩለት።

አሁን የሚያሳፍረኝ ይመጣል፤ ደጀን ይህን እንተወው ወይ ብሎኛል፣ ጻፈው ብዬዋለሁ። ፎቶዋ ከተመለሰች ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ በየጠዋቱ አየኋት። ጠባሳው የለም። እኔ አላወቅሁም። ፋጤ፣ እኔ አርባ ዓመት የከብት ደላላ ነበርኩ። ፊደል ባላውቅ ምልክት አውቃለሁ። ቦኬ ገበያ ላይ ከሁለት መቶ ከብት መሐል የተሰረቀችን ላም በጆሮዋ ቁራጭ የለየሁ፣ ዳኛ ፊት ምዬ ያስመለስኩ ሰው ነኝ። ዓይኔ ነው፣ መስታወቱ ነው፣ ያንጸባርቃል እላለሁ። ለራሴ ስናገረው ግን ራሴ አላምነውም።

በድሪ «ጠባሳውን መልሼ ላስገባው እችላለሁ፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው» አለ። ያልጸዳውን ኮምፒውተሩ ውስጥ አላስቀረህም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ በላዩ ላይ ነው የሠራሁት፣ አሮጌውን ማን ይፈልገዋል ብዬ አለ። ፎቶ ቤቱ ሄድን። የሩሚያን ፊት እንደ መስኮት አድርጎ አተለቀው። «አባባ፣ የቱ ጋ እንደነበር ብቻ በጣትዎ ያሳዩኝ» አለኝ።

ጣቴን ዘረጋሁ። ወደ ቀኙ ቅንድብ ሄደች፣ ቆመች። ወደ ግራው ሄደች፣ ቆመች። ሌባ ሲይዙት እንደሚቆመው አየር ላይ ቀረች። ሳብሪና «በግራ ነው አባ፣ ሻሿን ስታስር እዚህ ጋ ነበር» አለች። ቀኝ ነው አልኳት፣ አባት ስለሆንኩ እንጂ ስለማውቅ አልነበረም። እናቷ ስትሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሷም ቆይታ እንጃ አለች። ጎረቤታችን ሣህሊቱን ጠራናት፤ ከሩሚያ ጋር ሃያ ዓመት እሳት የተጫጫሩ ናቸው። ፎቶውን ትኩር ብላ አየችና «ጠባሳ ነበራት እንዴ?» አለች። ከሷ ጋር እስከ ዛሬ አልተነጋገርኩም።

ፊልሙ ውስጥ እንፈልገው አልኩ፤ እዚያ ውስጥ ያለችው እውነተኛዋ ናትና። በድሪ በኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ሲሮጥ ታልፋለች፣ ሲያቆመው ትደበዝዛለች። «የፊልም ካሜራ አንዱን አጥርቶ ሌላውን ያደበዝዛል አባባ፣ እዚህ ጋ ያጠሩት የልጁን እንባ ነው» አለኝ። የውሸት እንባ ጠርቶ ሚስቴ ደበዘዘች። ሃያ ጊዜ አስቃጠልኳት። በመጨረሻ በድሪ ራሱ እያለቀሰ እጁን ከማሽኑ ላይ አንስቶ ይብቃን አለ። ልሰድበው አስቤ ነበር፤ የሚያለቅስን ሰው ምን ብዬ ልስደበው። «በቀኝ ላድርገው፣ ካልሆነ ወደ ግራ አዞረዋለሁ» ይለኛል። ጠባሳ ባርኔጣ አይደለም፣ አይዞርም አልኩት።

ቤት ስተኛ ዓይኔን ስጨፍን ፊቷ ሙሉውን ይመጣል፤ ቅንድቧ፣ ቁጣዋ፣ ጠባሳውም አብሮ አለ። ቀኝ ነሽ ግራ ብዬ ስጠይቃት ትጠፋለች። ባልጠይቃት ይሻለኝ ነበር። አሁን ሳልጠይቅ ማየት አቃተኝ።

ከዚህ ወዲያ የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ጠባሳው ከመጋባታችን በፊት፣ ሩሚያ ገና የጎረቤት ልጅ ሳለች የነበረ ነው። ቦኬ፣ የአባታችን በረት ውስጥ፣ የወለደችው ላም ስትወጋት አብራት የነበርሽው አንቺ ነሽ። ደሙን በእጅሽ ይዘሽ እስከ ቤት ያመጣሻት አንቺ ነሽ። እኔ ያን ጊዜ ገበያ ነበርኩ፤ ሁልጊዜም ገበያ ነበርኩ። እናም አንቺን እጠይቃለሁ። ብታስታውሺ ንገሪኝ። ባታስታውሺ አላስታውስም በይኝ፣ አዝነሽልኝ እንዳትገምቺ። በግምት የተሠራ ጠባሳ ግድግዳዬ ላይ አልሰቅልም፤ ከዚያ ባዶው ይሻላል። አንቺ ሰማንያን አልፈሻል፣ የኔም ዓይን እየሄደ ነው። ሁለታችን ካለፍን የጸዳችው ሴት እሷ ሆና ትቀራለች፤ ሳብሪናም ለልጆቿ እናቴ ይቺ ናት ትላለች።

መስዑድን ሰላም በይልኝ፤ መኪናውን ቀስ ብሎ ይንዳ። ሚስቱን ስለላከችልኝ ሽርጥ አላህ ይስጣት፣ ረዝሞብኝ ሳብሪና አሳጠረችው። ለትንሹ ልጅ ሰላም በሉልኝ፣ ከባሕር ውጣ በሉት። ለግቢው ሰው ሁሉ፣ ለቀኝና ለግራ ጎረቤት ሰላም ብያለሁ።

ይህን ለምታነብልሽ ለልጅ ልጅሽ ደግሞ ለብቻዋ መልእክት አለኝ። ልጄ፣ ይህን ካነበብሽላት በኋላ ፊት ለፊቷ ቁጭ በይ። አያትሽ ዓይኗን ትጨፍንና በረት ውስጥ ያለችው ሩሚያ አንቺ እንደሆንሽ አድርጋ እጇን ወደ ፊትሽ ትዘርጋ። አታናግሪያት፣ አትርጂያት። እጇ የነካው የትኛውን ቅንድብሽን እንደሆነ ጻፊልኝ። ሳይነካሽ ከተመለሰም እሱኑ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ በክሪ፣ በአውራ ጣቱ አተመ።
ጭሮ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.