ስልኩ ላይ ያልነገርኩሽ

መርሳ፣ ኅዳር 21 ቀን 1997 ዓ.ም.

ይድረስ ለሃምሳ አለቃ ብዙነሽ
የኢትዮጵያ ሰላም አስከባሪ ጦር፣ ላይቤሪያ

ብዙዬ፣ የልጄ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኛ ክብሩ ለመድኃኔዓለም ይሁንና ሁለታችንም ደህና ነን። ዛሬ ማርያም ስለሆነች የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ፣ ሊዲያን ለጎረቤታችን ለረሂማ ሰጥቼ ብዕር ይዣለሁ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የውርጌሳው ጌትነት ነው፤ እረፍቱን ጨርሶ ሐሙስ ወደ እናንተ ይመለሳል። ሱሪ ሊያሳጥር ሱቄ መጥቶ ሳለ ነው ካንቺ ጋር አንድ ካምፕ መሆኑን ያወቅሁት። «ሲስተር ብዙነሽን? ወባ ጥሎኝ መድኃኒቱን አልውጥም ስል የተቆጣችኝ እሷ አይደለች!» አለኝ። ቁጣሽን የሚያውቅ ሰው በማግኘቴ ደስ አለኝ። ወባ የሚለውን ቃል ስሰማ ግን መቀሱ እጄ ላይ ቆመ።

ፖስታው ውስጥ ፎቶ አለ። ሊዲያ ሻሽ አስራለች። ሻሹን ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ ለምን እንዳሰርኩላት ልንገርሽ። አስቀድሜ ግን ልጅሽ ድናለች፣ ትበላለች፣ ትሮጣለች። ይህን ይዘሽ አንብቢው።

ጥቅምት 14 እሁድ፣ እንደ ልማዳችን አብዱልሐሊም ሱቅ ስትደውይ «ሊዲያን አቅርብልኝ» አልሽ፤ እኔም «ተኝታለች» አልኩሽ። ውሸት አልነበረም፤ ተኝታ ነበር። የተኛችው ግን ወልድያ ሆስፒታል ነበር። እኔ ስልኩ ጋ ካልተገኘሁ እንደምትጠረጥሪ ስለማውቅ እናትሽን አጠገቧ አስቀምጬ፣ ያንቺን ድምፅ ልቀበል ብቻ በሚኒባስ መርሳ ወርጄ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ተመልሼ ሄድኩ።

ነገሩ ሐሙስ ጀመረ። ጠዋት ሰውነቷ ሞቅ ብሎኝ ነበር። ጉንፋን ነው አልኩና ጨርቅ አርጥቤ ግንባሯ ላይ አድርጌ ስፌቴን ቀጠልኩ፤ የተማሪዎች ዩኒፎርም ተከምሮብኝ ነበር። ይህን ጥፋቴን አልደብቅሽም። እኩለ ቀን ላይ ረሂማ ልትጠይቀን ብቅ አለች፤ ልጅቷን ዳሰሰችና ጮኸች።

«ደጀን፣ አላህን ፍራ! ይህ ጉንፋን አይደለም፣ ንዳድ ነው!»

ይህን ስትል የልጅቷ ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ፤ እጅና እግሯ ተንቀጠቀጠ። እኔ እንደ እንጨት ደርቄ ቀረሁ። ረሂማ በነጠላዋ ጠቅልላ አቅፋት ወደ አስፋልቱ ስትሮጥ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ አስቁማ፣ ሾፌሩን «ነፍስ ናት፣ ንዳ!» አለችው። ወልድያ እስክንደርስ ድረስ እሷ በአንድ በኩል «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትላለች፤ እኔ በሌላው «ድንግል ማርያም» እላለሁ። ልጅቷ መሃላችን ነበረች።

ሆስፒታሉ ወዲያው ተቀበለን፤ ወባ ነው አሉን። ግሉኮስ ሊያስገቡላት የእጇ ደም ሥር አልገኝ ስላላቸው የጭንቅላቷን አንድ ጎን ላጩት። ሹሩባውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ፤ ረሂማ በክር አለማምዳኝ። የገበያ ሰው «ደጀን ሚስቱን አዝምቶ ሹሩባ ይሠራል» እያለ ሲስቅብኝ እንኳ መጎንጎኔን አልተውኩም ነበር። ጉንጉኑ መሬት ሲወድቅ ግን አንገቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ገለጠች። አጠገቧ የቆመችው ነርስ ሲስተር ሙሉ፣ ነጭ ጋውን ለብሳለች። «እናትሽ ሰው ታክማለች» እያልኩ ሁልጊዜ ለሊዲያ ስለምነግራት አየቻትና፣

«እማዬ፣ መጣሽ?» አለቻት።

ሲስተር ሙሉ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ጎንበስ ብላ «መጣሁ፣ የኔ እናት» አለቻትና ግንባሯን ሳመቻት። ሊዲያም ጣቷን ይዛ መልሳ ተኛች።

ይህን ስታነቢ ምን እንደሚሰማሽ አውቃለሁ። ግን ደግሞ ስሚኝ፤ ከሁለት ቀን በኋላ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አጥሚቷን እየጠጣች ሲስተር ሙሉን አተኩራ አየቻትና «አንቺ እማዬ አይደለሽም፤ እማዬ ሰማያዊ ኮፍያ አላት» አለቻት፤ ከዚያ የላክሽውን ፎቶ አስታውሳ ነው። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ እንባዬ መጣ።

የፈራሁት እናትሽን ነበር። ስትዘምቺ «ልጅቷን ግራና፣ ቤቴ ወስጄ ላሳድጋት፤ ወንድ ልጅ አያሳድግም» ብለውኝ፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኛ። ከሆስፒታል የወጣን ዕለት ቀድሜ ተሸነፍኩ።

«እማማ፣ ይውሰዷት። እኔ አልቻልኩበትም» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አጣፉና ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«ብዙነሽን ስወልድ አባቷ ኦጋዴን ነበር» አሉኝ። «ሦስት ጊዜ ታመመችብኝ። አንድም ቀን አላጻፍኩለትም፤ አይጨነቅ ብዬ ነዋ። በአምስት ዓመቱ ሲመጣ እንደ እንግዳ በር ላይ ተቀምጦ ውኃ ለመነ። እሷም እንግዳ መስሏት ጉያዬ ውስጥ ተደበቀች። የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም፤ እስኪሞት ድረስ አልነበራቸውም። አንተ ጻፍላት። ደጉንም ክፉውንም ጻፍላት። ልጅህን ደግሞ ያዝ፤ እኔ እየተመላለስኩ አይሃለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ይመጣሉ። ስፌት ቤቱ ውስጥ በርጩማ ይዘው ይቀመጡና ሊዲያን እያጫወቱ እኔን ይቆጣሉ። ቁጣሽን ከየት እንዳመጣሽው አሁን ገባኝ።

ብዙዬ፣ ይቅር በይኝ። ካንቺ የደበቅሁት አንቺን ላለማስጨነቅ ነው እያልኩ ስደልለው የከረምኩት ራሴን ነው። እውነቱን ለመናገር «አደራዬን አልጠበቅህም» ትይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።

ስድስት ወር እንድትጨምሪ ስለጠየቁሽ ነገር ሐሳቤን ጠይቀሽኝ ነበር። ያኔ «አንቺ እንዳሰብሽ» አልኩሽ። አሁንም አንቺ እንዳሰብሽ ነው። እዚያም ወባ የጣለው ልጅ አጠገቡ የሚቆም ሰው ይፈልጋል፤ ይህን ከሲስተር ሙሉ በኋላ አጥብቄ አውቄዋለሁ። በኛ በኩል አታስቢ። አጎበር ዘርግተናል፤ ሊዲያም ከሥሩ ገብታ ቤት ነው እያለች ትጫወትበታለች።

ሌላ ወሬ የለኝም። ብቻ ከደሴ ጥሩ ጨርቅ መጥቶልኝ ለጥምቀት የሚሆን ቀሚስ ቆርጬልሻለሁ። አንገቱንና እጀታውን ጨርሻለሁ። ጎንና ጎኑን ብቻ አልገጠምኩትም፤ ከስተሽ ይሁን ወፍረሽ በምን አውቄ? አንቺ ቆመሽ ከለካሁሽ ግማሽ ቀን አይፈጅብኝም። ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ደንበኛው ሁሉ እየገባ ስንት ነው ይለኛል፤ ባለቤት አለው እላለሁ።

እናትሽ እየመረቁሽ ነው፤ ረሂማም ዱዓዋን ልካለች። የግሸኗ እመቤት በወጣሽበት ትውጣ፣ በገባሽበት ትግባ፤ ከክፉ ሁሉ ትሰውርሽ።

የሊዲያ አባት፣
ያንተው ነኝ ያልሽኝ
ደጀን