የቀኙ ቦኮላ

አባባ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ሞላ። ባለፈው እሑድ ሙት ዓመትህን አስበን ስንመለስ ልጽፍልህ ወሰንኩ።

ቤቱ ደህና ነው። የእማማ ጉልበት ተሽሏታል። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ አፈራ፤ ግማሹን ጦጣ በላው። እኔ ሴቻ ሒሳብ አስተምራለሁ። መኪናህን ግን ሸጥናት። አትከፋ፣ መጀመሪያ ስማኝ።

ያቺ መሬት ላይ ልጥፍ የምትል አሮጌ ስፖርት መኪናህ፣ የሰፈራችን የሲቀላ ልጆች «አዞዋ» የሚሏት፣ ጓሮ ቆማ ዝገት ጀምሯት ነበር። ከሶዶ አንድ ሰው መጥቶ አያትና «ከፊት የሚያንኳኳውን ካሠራችሁት እወስዳታለሁ» አለ። ወዳጅህ መካኒኩ ጋሽ ሻንካ እየነዱ ወደ ጋራዣቸው ወሰዷት። እኔ ከአደጋው ቀን ወዲህ መሪ ነክቼ እንደማላውቅ ታውቃለህ።

ያኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነበር። ከሴቻ ወደ ሲቀላ ቁልቁለቱን እየነዳኋት፣ አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ፍየሎች ድንገት መንገዱን አቋረጡ። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ተወርውራ ቦይ ገባች። እኔን ጭረት እንኳ አላገኘኝም፤ ያንተ እግር ተሰበረ። እያነከስክ ቀረህ፤ ዘመንህን ሙሉ የነዳኸውን የሕዝብ አውቶቡስ ለሌላ ሰው አስረክበህ ቤት ተቀመጥክ። «አንቺ አይደለሽም ልጄ፣ መኪናዋ ናት የሳበችሽ» ትለኝ ነበር። አላመንኩህም። አባት ልጁን ለማጽናናት ምን የማይለው አለ? በኩላሊት ሕመም ስትሞትብን እንኳ፣ ሐኪሙ ከእግርህ ጋር አይገናኝም እያለን፣ የገደልኩህ እኔ ነኝ ስል ኖርኩ።

ጋራዡ ስደርስ ጋሽ ሻንካ መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ ጎማውን የሚይዘውን ብራቾ የሚሉትን ክንድ አውርደውታል። ክንዱ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ላይ ቦኮላ አለ፤ በብረት ቀለበት ውስጥ የተወጠረ ላስቲክ ነው። የግራው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ቢሆንም አለ። የቀኙ ግን ላስቲኩ ተበጣጥሶ አልቋል። ጣቴን ከተትኩበት። ባዶ ነው።

«እንዲህ ሆኖ ፍሬን ስትይዢ ጎማው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መኪናውም ወደዚያው ጎን ይስባል። እኔም ብነዳት ቦይ ነበር የምገባው» አሉኝ ጋሽ ሻንካ።

ቆይተው ደግሞ፣ «አባትሽ ያውቅ ነበር» አሉ። «ሲያንኳኳበት አምጥቶ አሳይቶኛል። ቀይረው ስለው ከፋሲካ በኋላ አለኝ። ፋሲካ ሳይደርስ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ፣ ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር ብሎ አለቀሰ።»

ያረጀ ጎማ ላይ ተቀምጬ እኔም አለቀስኩ። ግን እንዴት እንደቀለለኝ ብታይ! ሁለታችንም በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ማዕድ እየበላን፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ስንል ኖረናል።

ለእሷ የሚሆን ቦኮላ የትም አልተገኘም። ጋሽ ሻንካ የፒካፕ ገዝተው ቶርኖ ቤት በልኳ አስቀረጹት። የሳሙና ውሃ ቀብተን በብረት መንከሻው በሞርሳ ቀስ በቀስ ወደ ቀለበቱ ጨመቅነው። የመጀመሪያው ጠሞ ገባ፤ አውጥተን እንደገና ሞከርን። ብሎኑን ላጠብቅ ስል እጄን ያዙኝ። «ተንጠልጥላ እያለች አይጠበቅም። መሬት ወርዳ ክብደቷን ስትይዝ ነው፤ አለዚያ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀደዳል።» ስናወርዳት ከሥር ገብቼ ሁሉንም በእጄ አጠበቅኩ። ቀሚሴ በግራሶ ተበላሸ፣ ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ እሳቸው ነድተው ሴቻ አወጡንና ቁልፉን ሰጡኝ። «ቁልቁለቱን አንቺ ውረጂው።» ወንበሩን ወደ ፊት አስጠግቼ አስነሳኋት። እዚያው ቦታ ስደርስ መንገዱ ጭር ማለቱን አይቼ ፍሬኑን ረገጥኩ። ቀጥ ብላ ቆመች። ጋሽ ሻንካ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወደ ውጭ አዩ።

መንጃ ፈቃዴን አሳድሼ ሶዶ ድረስ ወስጄ ለገዢው ያስረከብኳት እኔ ነኝ። የአባያ ሐይቅ በቀኛችን እየታየን፣ እማማ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «አባትሽ እንዲህ ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም» ብላ ሳቀች። ልናስቀራት እንችል ነበር፤ ግን በጓሮ ቆማ ከምትዝግ የሚነዳት ሰው ይሻላታል ብለን ነው። በአውቶቡስ ስንመለስ እማማ ትከሻዬ ላይ ተኛች። እኔም ብዙ ዘመን ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

አባባ፣ ሥራውን ለነገ በማለትህ አልቆጣህም። አንተም ሳላምንህ መቅረቴን ይቅር በለኝ። ልጅ ስወልድ «አያቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ማለቷ አይቀርም። እውነቱን ነግሮኝ የማጽናኛ ውሸት የመሰለኝ ሰው ነው እላታለሁ። እስካለሁ ድረስ እንዲህ ብዬ አስብሃለሁ።

ልጅህ አስቴር