ሁለተኛዋ ጉርሻ

ኤልደር ሀንሰን፣

አዲሱን የስብከት ጓደኛህን ልትቀበል መናኸሪያ እንደወረድክ ወደ አዲሱ ምድቤ ወደ አዳማ የሚወስደኝ መኪና መጣ። ቻው ሳልልህ መሄዴ ነው። ይሄም ሳይሻል አይቀርም።

ውሃ ነገ ጠዋት ስለሚመጣ በርሜሉን ሙላ።
ነጭ ሸሚዝህ ገመዱ ላይ ነው፤ የስም ባጅህን ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አድርጌዋለሁ።
ጣሪያው እንደሚያፈስ ለአከራያችን ለእማማ ፈትሂያ አንተው ንገራቸው። «ልጄ» የሚሉት አንተን ነው፤ እኔ «ያ ጓደኛህ» ነኝ። መቼም «ወላሂ» እያለ የሚምል ፈረንጅ ማን ይጠላል!

ሰኞ እረፍት ስለሆናችሁ ደጋን እናቴ ቤት ሂዱ፤ መኪና ኮምቦልቻ ላይ ትቀይራላችሁ። እናቴ «ያ ፈረንጅ ይምጣ» ብላ በጎረቤት ልካለች። ለእኔ አይደለም የላከችው።

ሞርሞን ሆንኩ ካልኳት ወዲህ አታናግረኝም፤ ባለፈው ሳምንት ቤቷ የሄድን ዕለት ግን እኔ አጠገብህ ተቀምጬ አንተን በእጇ አጎረሰችህ። አንተ ደግሞ አንዱን ጎርሰህ «በቃኝ» አልክ! እኛ ጋ አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል። ሁለተኛዋን እንደጠቀለለች እጇ አየር ላይ ቀረ። እኔን አየችኝ። ከዚያ ትሪው ላይ መለሰቻት።

ሳምንቱን ሙሉ ያኮረፍኩህ ሳህን ስላላጠብክ መስሎህ ነበር አይደል?

ሰኞ ስታጎርስህ ሁለተኛዋን እንቢ እንዳትል። ያቺ ጉርሻ የእኔ ናት፤ ጉረስልኝ።

አግማስ