የእንጉዳይ እንክብልና የካሳሁን ዱላ

ትርንጎዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ የስድቤ ጓደኛ፤

አንቺን ቀብረን ስንመለስ ማሽላው ገና ቡቃያ ነበር። ዛሬ ታጭዶ ተከምሯል። ግማሹን ወፍ በላው፤ አንቺ ብትኖሪ በጩኸትሽ ብቻ ታባርሪያት ነበር። ልጅሽ አድጋለች፤ አፏ እንዳንቺ ነው፤ ትናንት "ጎብጠሃል" አለችኝ። ባልሽ ካሳሁን ግን ደህና አይደለም፤ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

ያ ቆቦ ገበያ ላይ ጥላ ዘርግቶ የእንጉዳይ ጭማቂ እንክብል የሚሸጠው ሰውዬ፣ "ስኳር የጎዳውን ኩላሊት ያድሳል፤ የስኳር መርፌሽን ተይው" ያለሽ ትዝ ይልሻል? እኔ፣ "እንጉዳይ እኮ የጅብ ጥላ ነው፤ የጅብ ጥላ ልትበይ ነው ወይ" ብዬ አሾፍኩብሽ። አንቺ ደግሞ፣ "ጅቡ አንተ፣ ጥላህን ስለበላሁብህ ነው የምታለቅሰው" አልሽኝ። ሳቅን። መርፌውን ተውሽው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ስኳሩ ከፍ ሲል የኩላሊትሽን ሕዋስ ይገድለዋል ብትልሽም አልሰማሽም። እግርሽ አበጠ፣ ፊትሽ አበጠ፣ ሽንትሽ ቆመ።

ከቀብርሽ በኋላ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የእንክብሉን ወረቀት መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አነበብኩት። ቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ባስቀመጡት የኩላሊት ሕዋስ ላይ ሞክረውት ጠቅሟል ይላል። ብርጭቆ ውስጥ ያለ ኩላሊት መርፌ አያስፈልገው ይሆናል፤ አንቺ ግን ያስፈልግሽ ነበር።

አርባሽ እንደወጣ ካሳሁን ዱላውን ይዞ ገበያ ወረደ። ሮጬ ስደርስ ጥላውን ሰባብሮታል። ቀጥሎ የሰውዬውን ክንድ መታው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ አገዳ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁ። ደሙ እንክብሎቹ ላይ ይንጠባጠባል። ካሳሁን አሁን ጭንቅላቱን አነጣጠረ። ላስጥል ስገባ እኔም ሰውዬው ላይ አንድ እርግጫ አሳርፌያለሁ፤ አላስቻለኝም። ከዚያ ዱላው እንዳያገኘው ላዩ ላይ ተኛሁበት።

"ተነስ አያ! ካልተነሳህ አንተንም አደቅቅሃለሁ!"

"አድቅቀኝ! እሱን ገድለህ ከታሰርክ ልጅህን የማሳድጋት እኔ ነኝ። እኔ ያሳደግኳት ትርንጎ ምን ዓይነት ባለጌ እንደወጣች ታውቃለህ!"

ዱላው ወረደ፤ የእኔን ትከሻ አወለቀው። ከዚያ ካሳሁን ገበያው መሀል ቁጭ ብሎ ስምሽን እየጠራ አፈር ፊቱ ላይ ይበትን ጀመር።

ሰውዬው ድኗል። ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ ዳግመኛ ማንንም በሽተኛ "መርፌህን ተው" ላይል ማለ። ካሳሁን እጁን ዘረጋለት፤ ዓይኑን ግን ወዲያ አዞረ። ሰውዬው አሁን ሮቢት ከተማ ገብቶ ጫማ ይሸጣል። ካሳሁን የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ዱላውን አንስቶ "የሮቢት ሚኒባስ መቼ ነው የሚነሳው?" ይላል። ዱላውን ብደብቅ ሌላ ይቆርጣል።

ስለዚህ በየገበያ ቀኑ በሩ ላይ ቁጭ እላለሁ። ሊወጣ ሲል ስለ አንቺ አንድ ወሬ እጀምርለታለሁ፤ በሠርግሽ ዕለት ሚዜዎቹን ጓዳ ቆልፈሽባቸው ስትዘፍኚ የዋልሽውን፣ የግመል ነጋዴውን በራሱ ቋንቋ የሰደብሽውን። መስማት ሲጀምር ይቀመጣል፤ ሚኒባሱ ያመልጠዋል። ቃሌ ይኸው ነው ትርንጎዬ፤ አልረሳሽም፣ እሱንም አላስረሳውም። የማውቀው ወሬሽ ያለቀብኝ ዕለት ያላደረግሽውን ፈጥሬ አወራለታለሁ። አንቺ ብቻ ከዚያ ሆነሽ "ውሸቱን ነው!" እንዳትዪ።

አጎትሽ