ሻምበል እና የአመድ ሣጥኑ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ አራቱ ድመቶቻችን ከስደት ለጥቂት ተረፉ። አክስቴ እትዬ ሙሉ ድመቶቹ የሚጸዳዱባቸውን የአመድ ሣጥኖች በእንዶድ አሳጥበው አዲስ አመድ አስሞሉኝ። ድመቶቹ የገዛ ሽታቸው ቢጠፋባቸው የጤፉ ጆንያ ላይ ወጥተው ተጸዳዱ።

«በቃ፣ ሐሙሲት ላሉት ዘመዶቼ እሰጣቸዋለሁ» አሉ እትዬ።

«አንቱስ ሽንት ቤትዎ እንዶድ እንዶድ ቢሸት ይገባሉ?»

«ዝም በል፣ ከይሲ።»

ጓሮ ከደፋሁት አሮጌ አመድ ጭብጥ ጭብጥ መልሼ በየሣጥኑ ጣል አደረግሁ። ሻምበል ያልኩት ወፍራሙ ድመት አሽትቶ ገባ። ሌሎቹ ድመት ያልገባባቸውን ሣጥኖች ትተው ለቀበሌ ስኳር እንደሚሰለፍ ሰው ከኋላው ተሰለፉ። እትዬ በሳቅ ፈረሱ።

«እኛስ መች እንዲህ በጨዋ ደንብ ቆመን እናውቃለን?»

ድመቶቹ ይቀመጡ ተባለ። እኔም የአመድ ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። ደሞዜን ሻምበል በየጠዋቱ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጥልኛል።